ከመተማ በር እስከ እንግዳው ማሽን

ስለ መገናኛ ታሪክ በክፍል ውስጥ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንነሣው ከመሣሪያው ነው። ቴሌግራፍን ማን ፈለሰፈው፣ ስልክ መቼ ገባ፣ ኮምፒዩተር በየትኛው አገር ተሠራ እያልን ስምና ዓመተ ምሕረት እናስጠናለን። ይህ መልካም ነው፤ ይሁንና ከመሣሪያው በስተጀርባ ያለውን አንድ ትልቅ ጥያቄ ያስረሳናል። ጥያቄውም «መልእክቱ የሚያልፈው በማን በር ነው? በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋውስ ማነው?» የሚለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን በምሥራቅ ሱዳን ከምትገኘው ከገዳሪፍና ከድንበሩ ከተሞች ከመተማና ከገላባት እንነሣለን። ከዚያም ዛሬ ብዙ የኮምፒዩተር ተማሪዎችን ግራ ወደሚያጋባ ጉዳይ እንሻገራለን፤ ይኸውም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠራ ሌላ ኮምፒዩተር፣ ማለት ምናባዊ ማሽን፣ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝበት ዘዴ ነው። ሁለቱ ነገሮች የተራራቁ ቢመስሉም ሁለቱም የሚያስተምሩን በሌላው ቤት በኩል አልፎ መናገር ምን እንደሚጠይቅ ነው።

የድንበሩ በር

መተማና ገላባት በአንድ ትንሽ ወንዝ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የቆሙ ከተሞች ናቸው። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሱዳን የሚወርደው ጥንታዊ የንግድ መንገድ የሚያልፈው በዚሁ ነው። ቡናውና ሰሙ ከደጋ ወርዶ በመተማ ገበያ ይለወጥ ነበር፤ በክፉ ዘመን ሰውም እንደ ዕቃ ተሽጦበታል። ከድንበሩ ወዲያ ያለችው ገዳሪፍ ደግሞ ቀድሞ «ሱቅ አቡ ሲን»፣ የአቡ ሲን ገበያ፣ ትባል ነበር፤ ስሙም የመጣው ከሹክሪያ ጎሣ አለቆች ቤተሰብ ነው። ከዚያ ወደ ካሰላና ወደ ቀይ ባሕር፣ ወይም ወደ ካርቱም መዝለቅ ይቻል ነበር።

የዚህ በር ዋጋ ምን ያህል እንደ ነበረ ታሪክ ይመሰክራል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከማህዲስቶች ጋር የተዋጉትና ቆስለው ያረፉት እዚሁ መተማ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት የራሱ የሽቦ መሥመር አልነበረውም፤ ወሬ የሚሄደው በእግረኛና በፈረሰኛ ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ ተወካይ ጆን ሌን ሃሪንግተን በፈረሙት ውል የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር በወረቀት ላይ ሰፈረ። መተማ በወዲህ፣ ገላባት በወዲያ ቀሩ። አንድ የነበረው ገበያ ሁለት መንግሥት፣ ሁለት ገንዘብ፣ ሁለት የፖስታ ቤት ሥርዓት ያዘው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገኖች መሥመር መዘርጋታቸውን ቀጠሉ። በኢትዮጵያ በኩል ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው የስልክና የቴሌግራፍ መሥመር በ19ኛው መቶ ዘመን ማለቂያ ሥራ ጀመረ፤ ከ1902 እስከ 1904 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአሥመራ አዲስ አበባ የሚደርሰው መሥመር በኢጣልያኖች ተሠራ። የጅቡቲው ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገባ። በሱዳን በኩል ባቡር በ1924 እ.ኤ.አ. ካሰላ፣ በ1928 ገዳሪፍ ደረሰ፤ በ1929 ሰናር ላይ ከካርቱም መሥመር ጋር ተገናኘ። በዚህም ገዳሪፍ ባለ ሁለት በር ሆነች ማለት ነው፤ አንደኛው በካሰላ አድርጎ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ሁለተኛው በሰናር አድርጎ ወደ ካርቱም። ኢትዮጵያ ግን ወደ ውጭ የምታወጣው ቃል ሁሉ በዚያን ዘመን ወይ በፈረንሳዮች ጅቡቲ፣ ወይ በኢጣልያኖች አሥመራ፣ ወይ በእንግሊዞች ሱዳን በኩል ማለፍ ነበረበት። ይህ የነጻ አገር ችግር ምን እንደ ሆነ በጦርነቱ ዘመን ግልጽ ሆነ።

በ1932 ዓ.ም. ክረምት ኢጣልያኖች ገላባትን ያዙ፤ በሩ ተዘጋ። በነሐሴ ወር ግን በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው «ሚሽን 101» የተባለው ቡድን ከገዳሪፍ አካባቢ ተነሥቶ፣ የጠላትን ጥበቃ ሸሽቶ ወደ ጎጃም ገባ። ቡድኑ የሬዲዮ መሣሪያ ይዞ ነበርና ከአርበኞች መካከል ሆኖ ከካርቱም ጋር ይነጋገር ጀመር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኡም ኢድላ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ። በሩ ሲዘጋ መልእክት ሌላ መንገድ ማግኘት እንዳለበት ይህ ታሪክ ያስተምራል።

ማሽን በማሽን ውስጥ

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኮምፒዩተር እጅግ ውድና ግዙፍ ስለ ነበረ አንዱን ማሽን ለብዙ ሰው ማካፈል ግድ ሆነ። የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ የካምብሪጅ ማዕከል ባለሙያዎች በ1967 አንድ ዘዴ በሥራ ላይ አዋሉ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሙሉ ኮምፒዩተር ለብቻው የያዘ እንዲመስለው፣ በአንዱ እውነተኛ ማሽን ውስጥ ብዙ ምናባዊ ማሽኖች እንዲሠሩ አደረጉ። በ1972 ይኸው ዘዴ «ቪ.ኤም. 370» በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። በዚሁ ዘመን፣ በ1969፣ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒዩተር አሠራር ሥርዓት ጀመሩ። በ1991 ብቅ ያለው ሊኑክስ የዚሁ የዩኒክስ አምሳያ ነው።

ምናባዊ ማሽን በግል ኮምፒዩተር ላይ በሰፊው መሥራት የጀመረው ቆይቶ ነው። ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያ ምርቱን በ1999 አወጣ፤ ፋብሪስ ቤላር የደረሰው ኬሙ በ2003 ታየ፤ በ2007 ደግሞ ኬ.ቪ.ኤም. የሚባለው ክፍል በሊኑክስ እምብርት ውስጥ ገባ። በዚህ ሥራ ባለቤቱን ኮምፒዩተር አስተናጋጅ፣ በውስጡ የሚሠራውን እንግዳ ማሽን ብለን እንጠራለን።

እንግዳው ማሽን የራሱ ማስታወሻ፣ የራሱ ዲስክ፣ የራሱ አሠራር ሥርዓት አለው። ሽቦ ግን የለውም። ከግድግዳ ጋር የሚያያዘው እውነተኛ የኔትዎርክ ካርድ ያለው በአስተናጋጁ እጅ ነው። እንግዲህ ወደብ እንደሌለው አገር ሁሉ፣ እንግዳው ማሽን ለውጭ የሚናገረው በሌላው በር በኩል ብቻ ነው።

ሦስቱ መንገዶች

በሩን የመጠቀሚያ መንገዶች ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው የግቢ ውስጥ መንገድ ነው። እንግዶቹ ማሽኖች እርስ በርሳቸውና ከአስተናጋጁ ጋር ይነጋገራሉ፤ ወደ ውጭ ግን አይወጡም፤ ከውጭም ማንም አይገባባቸውም። አጥር ተዘግቶ ቤተ ሰብ በግቢው እንደሚጫወት ያህል ነው። ለሙከራና ለትምህርት ይህ ከሁሉም የተጠበቀ ነው።

ሁለተኛው የአድራሻ ለውጥ ነው። ይህን ለመረዳት የትምህርት ቤታችንን የፖስታ ሣጥን እናስብ። በአገራችን ፖስታ ቤት ደብዳቤን የሚያደርሰው በየቤቱ ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። አንድ ተማሪ ደብዳቤ ሲጽፍ የላኪውን አድራሻ በትምህርት ቤቱ ሣጥን ቁጥር ያደርጋል። ፖስታ ቤቱ የሚያውቀው ሣጥኑን እንጂ ተማሪውን አይደለም። መልሱ ሲመጣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ መዝገብ አይቶ «ይህ የ10ኛ ሐ ተማሪ ነው» ብሎ ያደርሳል። አስተናጋጁም ማሽን እንዲሁ ያደርጋል። እንግዳው የላከውን መልእክት የላኪ አድራሻ በራሱ አድራሻ ለውጦ ያወጣል፤ የማን እንደ ነበረም በመዝገቡ ይይዛል፤ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ይመልሳል። መዝገቡ ላይ የሌለ፣ ከውጭ ሳይጠሩት የመጣ መልእክት ግን ወደ ማን እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ይጣላል። ከውጭ ወደ እንግዳው መግባት ካስፈለገ ለጸሐፊው አስቀድሞ ትእዛዝ መስጠት ያሻል፤ «ለቤተ መጻሕፍት ተብሎ የመጣ ሁሉ ወደዚያ ይሂድ» እንደ ማለት ነው።

ይህ ዘዴ በ1994 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ የቀረበው የዓለም አድራሻ እንዳያልቅ በመሥጋት ነበር። በ1983 በሥራ ላይ የዋለው የኢንተርኔት ሥርዓት ያዘጋጀው አድራሻ 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነበርና። በ1996 ደግሞ ማንም በግቢው ውስጥ ሳያስፈቅድ ሊጠቀምባቸው የሚችሉ አድራሻዎች ተለዩ፤ በ10፣ ከ172.16 እስከ 172.31፣ እና በ192.168 የሚጀምሩት ናቸው።

ሦስተኛው ድልድይ ነው። በዚህ ጊዜ እንግዳው በሌላው ስም አይጠራም። በቀበሌው የራሱ የቤት ቁጥር እንደ ተሰጠው ነዋሪ፣ አስተናጋጁ በሚኖርበት ኔትዎርክ ላይ በራሱ አድራሻ ይቆማል፤ ማንም በቀጥታ ሊጠራው ይችላል። ጥቅሙ እኩልነት ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከዚሁ ይመነጫል፤ በአደባባይ የቆመ ሁሉ ለሌባም ይታያልና እንግዳው የራሱን ዘበኛ መያዝ ይኖርበታል።

አሠራሩ በተግባር

በሊኑክስ ላይ ሥራው የሚጀምረው ድልድዩን በመሥራት ነው። ድልድይ ማለት በሶፍትዌር የተሠራ፣ ብዙ ሽቦ የሚሰካበት ማከፋፈያ ነው። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ እንግዳ «ታፕ» የሚባል ምናባዊ ካርድ ይፈጠራል። የታፑ አንድ ጫፍ ለእንግዳው እንደ እውነተኛ ካርድ ሆኖ ይታየዋል፤ ሌላው ጫፍ በድልድዩ ላይ ይሰካል። እስከዚህ ድረስ የግቢ ውስጥ መንገድ ተሠራ ማለት ነው።

እንግዳው በራሱ አድራሻ እንዲወጣ ከተፈለገ የአስተናጋጁ እውነተኛ ካርድም በዚያው ድልድይ ላይ ይሰካል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሰናከላል። ካርዱ በድልድዩ ላይ ከተሰካ በኋላ የአስተናጋጁ አድራሻ ከካርዱ ተነሥቶ ወደ ድልድዩ መዛወር አለበት፤ አለበለዚያ አስተናጋጁ ራሱ ከኔትዎርኩ ይቆረጣል። በሩቅ ሆኖ የሚሠራ ሰውማ በገዛ እጁ የቆመበትን ቅርንጫፍ ቆረጠ ማለት ነው። ደግሞም ይህ መንገድ በሽቦ አልባ ካርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ የሽቦ አልባው ጣቢያ የሚያውቀው ራሱ የመዘገበውን ካርድ ብቻ ነውና የእንግዳውን ካርድ መልእክት አይቀበልም። እንዲህ ሲሆን ወደ አድራሻ ለውጥ መመለስ ይሻላል።

በአድራሻ ለውጥ ከሆነ እውነተኛው ካርድ ከድልድዩ ውጭ ይቀራል። ለድልድዩ ከግቢ አድራሻዎች አንዱ ይሰጠዋል፤ ሊብቨርት የተባለው የታወቀ ማስተዳደሪያ ለምሳሌ 192.168.122.1ን ይሰጣል። እንግዶቹ ይህን አድራሻ የመውጫ በራቸው ያደርጋሉ። ከዚያ ሁለት ነገር የግድ ነው። አንደኛ፣ አስተናጋጁ የሌላውን መልእክት እንዲያሳልፍ በሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ማስተላለፍ መፈቀድ አለበት፤ ዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች ብዙ ጊዜ ይህን ዘግተው ይነሣሉ። ሁለተኛ፣ በጥበቃው ደንብ ላይ የአድራሻ ለውጡ ትእዛዝ መጻፍ አለበት። የግቢው አድራሻ ከውጭው አድራሻ ጋር አንድ ዓይነት እንዳይሆንም መጠንቀቅ ነው፤ ሁለት ሠፈር አንድ የቤት ቁጥር ከያዙ መልእክተኛው ይጠፋበታል።

ችግር ሲፈጠር ፍተሻው ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው። መጀመሪያ እንግዳው የመውጫ በሩን «ፒንግ» በተባለው መጥሪያ ይጥራ። ካልመለሰ ታፑ ወይም ድልድዩ አልተሰካም። ቀጥሎ የውጭ አድራሻ በቁጥር ይጥራ፤ በሩ መልሶ ውጭው ዝም ካለ ማስተላለፉ ወይም ደንቡ ጎድሏል። በመጨረሻ በስም ይጥራ፤ ቁጥር ሠርቶ ስም ካልሠራ የጠፋው ስምን ወደ ቁጥር የሚመልሰው አገልጋይ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የተማረ ተማሪ በግምት አይደናበርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ከላይ እንዳየነው በ1929 እ.ኤ.አ. የሱዳን ባቡር ከፖርት ሱዳን ተነሥቶ፣ በአትባራ፣ በካርቱም፣ በሰናር፣ በገዳሪፍና በካሰላ ዞሮ የሚመለስ ቀለበት ሆነ። ለባቡር ቀለበት በረከት ነው፤ አንዱ ወገን ቢሰበር በሌላው ይኬዳል። በድልድይ የተያያዘ ኔትዎርክ ግን እንዲሁ ቀለበት ከሆነ መልእክቱ መጨረሻ አጥቶ ይዞራል፤ ወዲያውም መሥመሩን ያጨናንቃል። ራዲያ ፐርልማን የተባሉት አሜሪካዊት ሳይንቲስት በ1985 ያወጡት ዘዴ ይህን ፈታው። ድልድዮቹ እርስ በርሳቸው ተነጋግረው ከቀለበቱ አንዱን ክፍል ያስተኙታል፤ ሌላው ሲሰበር ብቻ ይቀሰቅሱታል። በሊኑክስ ድልድይም ይህ ዘዴ አለ፤ ቀለበት ሊፈጠር በሚችልበት ቦታ ሁሉ መከፈት ይገባዋል።

በሩ ሲዘጋ

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ በጥር 1989 ዓ.ም. ከመጀመሩ አስቀድሞ በአዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን በስልክ መሥመር ደብዳቤ እያጠራቀመ የሚልክበት «ፊዶኔት» የተባለ አገልግሎት ይሠራ ነበር። ኋላም ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሱዳንና ወደ ኬንያ የመስታወት ክር መሥመሮች ተዘረጉ። የሱዳኑ መሥመር የጥንቱን ነጋዴ ፈለግ ተከትሎ በመተማ በኩል ተሻገረ። በሮቹ በዙ፤ ሆኖም በሮቹ ሁሉ አሁንም በጎረቤት ግቢ ነው የሚያልፉት።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከካርቱም የተፈናቀለው ብዙ ሕዝብ ገዳሪፍ ገባ። በዚያው ክፍለ ሀገር በኡም ራኩባ መጠለያ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተጠለሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችም ነበሩ። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የሱዳን ዋና ዋና የስልክ ኩባንያዎች አገልግሎት ተራ በተራ ተቋረጠ። ዋናው መሣሪያቸው የነበረው በካርቱም ነበርና፣ ጦርነቱ ከከተማዋ ያልደረሰ ገዳሪፍም አብራ ዝም አለች። ከዘመድ በስልክ ገንዘብ ይቀበሉ የነበሩ ቤተ ሰቦች እጃቸው ባዶ ቀረ። የባቡሩ መሐንዲሶች በ1929 ለገዳሪፍ ሁለት በር ሰጥተዋት ነበር፤ የስልኩ ሥርዓት ግን ሁለቱንም በሮች በአንድ ክፍል ውስጥ ባለ ቁልፍ አስሮ ነበር። አገልግሎቱ ደረጃ በደረጃ የተመለሰውም ሥራው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ፖርት ሱዳን በኩል ሲዛወር ነው።

ለትምህርት ቤት ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር ግልጽ ነው። አንድ መጠነኛ ኮምፒዩተር ሊኑክስ ተጭኖበት ሦስት ወይም አራት እንግዳ ማሽን ሊያስተናግድ ይችላል፤ አንዱ ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ዊኪፒዲያ ይይዛል፣ ሌላው የፈተና ጥያቄዎችን፣ ሌላው የተማሪዎችን መልመጃ። እነዚህን በግቢ ድልድይ ያገናኘ ትምህርት ቤት የውጭው መሥመር ቢቆረጥ እንኳ ማስተማሩን አያቋርጥም። እንግዳው ማሽን በዲስክ ላይ ያለ ፋይል ስለ ሆነ ተገልብጦ ወደ ሌላ አስተናጋጅ ሊወሰድም ይችላል። በሸክም የሚሰደድ ሕዝብ ባለበት አካባቢ ትምህርት ቤቱን በኪስ ይዞ መሄድ ቀላል ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ፋይሉ መገልበጡ ብቻ አይበቃም፤ አዲሱ አስተናጋጅ ያንኑ ስም ያለው ድልድይና ያንኑ የግቢ አድራሻ ይዞ ካልጠበቀው እንግዳው በደረሰበት ቤት ዲዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከፋይሉ ጋር የኔትዎርኩን አሠራር በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ለውይይት እንዲረዱ ለተማሪዎች የሚከተሉት ጥያቄዎች ቢቀርቡ መልካም ይሆናል።

1. ከትምህርት ቤታችን ወደ ውጭ የሚወጣ መልእክት በስንት በር ያልፋል? የእያንዳንዱ በር ባለቤት ማነው?

2. በፖስታ ሣጥን ምሳሌ ውስጥ የጸሐፊው መዝገብ ቢጠፋ ምን ይሆናል? በአስተናጋጁ ማሽን ላይስ?

3. በ1932 ዓ.ም. ክረምት የተዘጋውን በርና በጥር 2016 ዓ.ም. የተቋረጠውን አገልግሎት አነጻጽሩ። በመጀመሪያው ጊዜ የነበረ፣ በሁለተኛው ጊዜ የጎደለ ምን ነበር?

ሦስተኛውን ጥያቄ የመለሰ ተማሪ ታሪክንም ኔትዎርክንም በአንድ ጊዜ ተምሯል። በሌላው በር ማለፍ ነውር አይደለም፤ ነጋዴውም፣ አርበኛውም፣ እንግዳው ማሽንም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን የበሩን ባለቤት ሳያውቁ፣ ሁለተኛ መውጫ ሳያበጁ፣ በግቢም የሚበላ ስንቅ ሳያስቀምጡ መኖር አደጋ አለው። የመተማ መንገድ ተጓዦች ይህን ከእኛ አስቀድመው ያውቁት ነበር።